ከካኖን ወደ ሶኒ ልዙር ወይስ እዚያው ልቆይ? የጥር ሰርግ ሳይደርስ መወሰን አለብኝ

የማርቆሱ ፎቶ ቤት

እንዴት ሰነበታችሁ ጎበዞች። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። በአዘቦቱ ቀን ጉርድ ፎቶና ልደት እሠራለሁ፤ የምርቃት ሰሞን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ልጆች ይመጣሉ። እንጀራዬ ግን ሰርግ ነው። ጥር ሙሉውን፣ ከዚያ ሁዳዴ እስኪገባ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ። በቀሩት ወራት የቤት ኪራይ ከሸፈንኩ ተመስገን ነው።

ያለኝን ዕቃ ልዘርዝርላችሁ፣ ያለዚያ መልስ ለመስጠት አይመችም። ዋናው ካሜራ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ እኔ ጋ ያገለገለ ሆኖ የደረሰ። ሻተሩ፣ ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ፣ ፋብሪካው ለ150,000 ጊዜ ይበቃል ያለውን ቁጥር ሳያልፍ አልቀረም። መጠባበቂያ 70ዲ አለኝ። ሌንሶቹ 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው፣ 70-200 ኤፍ 2.8 ባለ ማረጋጊያው (የእጅ መንቀጥቀጥ የሚቀንሰው) እና 50 ኤፍ 1.8 ናቸው። የካኖን ፍላሽ ሁለት፣ ከሩቅ ከሚያበራቸው ትሪገር ጋር። ባትሪ እንደ ጉድ ነው፤ 5ዲውም 70ዲውም አንድ ዓይነት ባትሪ ስለሚጠቀሙ። መብራት ለሚጠፋበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ችግሬ። ባለፈው ግንቦት አንድ ተክሊል ነበረኝ። ገና ሳይነጋ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባነው። ያለው ብርሃን ጧፍና አንድ ሁለት አምፖል ብቻ። ፍላሽ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ አባቶች አይፈቅዱም፣ እኔም አልደፍርም። አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) 6400 አድርጌ፣ ሌንሱን እስከ 2.8 ከፍቼ እሠራለሁ። 5ዲው ይህን ይችላል፣ አልከሰውም። ድምፁ ግን! «ቀጭ» ባለ ቁጥር አንድ ሰው ይዞራል። ካሜራው ድምፅ መቀነሻ አለው፣ እሱን ነው የምጠቀመው። ያም ሆኖ መስታወቱ ሲነሳና ሲመለስ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ይሰማል። በመጨረሻ ካህኑ በእጃቸው «ይበቃል» አሉኝ። አክሊሉ የተደፋው ከዚያ በኋላ ነው። የሙሽራዋ እናት አልበሙን ሲያገላብጡ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «አክሊሉ የታለ?» የሚል ነበር።

ሌላው ቪዲዮ ነው። 5ዲው ቪዲዮ ላይ ፎከስ አይከተልም። ሙሽሮቹ እየጨፈሩ ወደ እኔ ሲመጡ ሌንሱን በእጄ እያዞርኩ ነው የምከተላቸው። 70ዲው ፊት ይከተላል፣ ሸጋ ነው፤ አዳራሹ ጨለም ሲል ግን ምስሉ ይሻክራል። ሰዉ ደግሞ ስሎ ሞሽን ይፈልጋል። 5ዲው በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሰጠኝ ጥራቱን ወደ 720 ዝቅ ካደረግኩለት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ሰዉ ራሱ ነው። እዚሁ ከተማ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 የያዙ ወጣቶች መጥተዋል። ሥራቸው ጥሩ ነው፣ ምቀኝነት የለብኝም። አሁን ግን ደንበኛ በሬ ላይ ቆሞ «ሶኒ ነው የምትሠሩበት?» ይለኛል። ሙሽራ ስለ ካሜራ ስም ምን አገባው ልል አልኩና ተውኩት። ከፋዩ እሱ ነዋ።

ስለ ገንዘቡ፦ ዕቁቤ ህዳር ላይ እንዲደርሰኝ ከዳኛው ጋር ተነጋግሬአለሁ። አዲስ አበባ ያሉ ነጋዴዎችንም በስልክ አስጠይቄአለሁ። ሁለቱን ቦዲና ሦስቱን ሌንስ ጠቅልዬ ብሸጥ የሚሰጡኝ ብር አንድ ያገለገለ ኤ7 ማርክ 3 እና አንድ ታምሮን 28-75 ይገዛልኛል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። 70-200 የለም። መጠባበቂያ ቦዲ የለም። ፍላሽ የለም። የዕቁቡ ብር እነዚህን ለመሙላት ሊሄድ ነው። አዲስ ዕቃማ አታንሱብኝ፤ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የአዲስ ካሜራ ዋጋ መስማት ራሱ ያደክማል።

ታዲያ ምን ትላላችሁ? ሁሉን ሸጬ ልዙር? ወይስ ይህችን ጥር በ5ዲው ልወጣት? የዞራችሁ ካላችሁ ከዞራችሁ በኋላ ያስቸገራችሁን ንገሩኝ። ጥሩ ጥሩውንማ ዩቲዩብ ጠግቤአለሁ።

ጣና ዳር

ወንድሜ፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ የዞርኩ ነኝ። ግን ከኒኮን ነው የዞርኩት፤ ያውም የነበረኝ አንድ ዲ750 ከሁለት ሌንስ ጋር ነበር። ስለዚህ የኔ መዞር ካንተ መዞር ጋር አንድ አይደለም። ትንሽ ያለው ሰው ቢዞር ብዙ አይከስርም። አንተ 70-200 ይዘህ ነው የምታወራው።

የኤ7 ማርክ 3 ደስታ እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይለንት ላይ አደርገዋለሁ፣ ጭራሽ ድምፅ የለውም። ካህኑም ዲያቆኑም እያነሳሁ መሆኔን አያውቁም። የዓይን ፎከሱም የሙሽራዋ ነጠላ ግንባሯ ላይ ወርዶ እንኳ ዓይኗን ይይዛል። በጥር የቀትር ፀሐይ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ እንዳይቃጠል ብርሃኑን ቀንሰህ አንስተህ፣ ፊቷን ኋላ ኮምፒውተር ላይ ታወጣዋለህ። 5ዲው ላይ ጥላውን ስታወጣ የሚመጣውን መስመር መስመር ታውቀዋለህ፤ እዚህ የለም።

አንተ የጠየቅከው ግን ያስቸገረኝን ነው። የመጀመሪያው ፍላሽ ነው። የካኖን ፍላሽህ ሶኒ ላይ በራሱ አይለካም። ቢበዛ በእጅ እያስተካከልክ ታበራዋለህ። አዳራሽ ውስጥ ከሰው ጋር እየተጋፋህ በእጅ ማስተካከል አይታሰብም፤ ስለዚህ ፍላሽም ትሪገርም አዲስ ነው የምትገዛው። ይሄ ወጪ ሒሳብህ ውስጥ የለም፤ አሁን ጨምረው።

ሁለተኛው ሳይለንቱ ራሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ችግር የለም። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በኤልኢዲ ስታነሳ ግን ፎቶው ላይ ጠቆር ነጣ ያለ መስመር ይጋደማል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይናችን አያየውም፣ ሴንሰሩ ግን ምስሉን ከላይ ወደ ታች እየጠረገ ስለሚያነብ ያየዋል። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ስታደርገው ይጠፋል ወይም በጣም ይቀንሳል። ሰዉ ሲጨፍር ግን 1/100 አይበቃህም። መብራት ጠፍቶ ሆቴሉ ጄኔሬተር ሲያስነሳማ ኸርዙ ይዋዥቃል፣ ያ 1/100ህም አያድንህም። እኔ አዳራሽ ስገባ ሳይለንቱን አጥፍቼ በሜካኒካሉ ሻተር ነው የምሠራው።

ሦስተኛው አቧራ። ይሄ ካሜራ ሌንሱን ስትፈታው ሴንሰሩ ራቁቱን ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ሰርግ ላይ፣ መኪናው አቧራ እያቦነነ ሲመጣ፣ ሌንስ አልቀይርም። መኪና ውስጥ ገብቼ በር ዘግቼ ነው። ባይሆን ያው ሁለት ቦዲ መያዝ ነው።

ሜኑውን ስትለምደው ትለምደዋለህ። እሱን ችግር አልለውም።

የማርቆሱ ፎቶ ቤት

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። የፍላሹን ነገር በእውነት አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ፍላሽና ትሪገር ሲጨመር ዕቁቡ አለቀ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። አንዳንዱ «አትሽጥ፣ አዳፕተር ገዝተህ የካኖን ሌንስህን ሶኒው ላይ ግጠም» ይለኛል። ይሠራል እንዴ?

የፍኖተ ሰላሙ

ልጄ፣ እኔ በዘኒት የጀመርኩ ሰው ነኝ። ፊልም በጨለማ ክፍል አጥቤ፣ በቀይ አምፖል ሥር ፎቶ አውጥቼ ያደግኩ። አሁን ዓይኔም ደከመ፣ ልጆቼ ናቸው የሚሮጡት። ካሜራ ሲለዋወጥ ግን ብዙ አይቻለሁና ስማኝ።

ስለ አዳፕተር ላስረዳህ። ሌንስ ከሴንሰሩ የተወሰነ ርቀት ላይ ካልተቀመጠ ሩቁን ነገር አጥርቶ አያሳይም። ያንተ የኢኤፍ ሌንስ 44 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈልገው። አዲሱ የካኖን ሚረርለስ፣ አርኤፍ የሚባለው፣ መስታወቱ ስለወጣለት 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመካከል 24 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ተረፈ። አዳፕተሩ ያንን ቦታ የሚሞላ ቱቦ ነው። ውስጡ ምንም ሌንስ የለበትም፣ የኤሌክትሪክ መገናኛ ብቻ። ስለዚህ ጥራት አይቀንስም።

ሶኒው ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቦታስ እዚያም አለ። ችግሩ ቦታ አይደለም። ሌንሱና ቦዲው የሚነጋገሩበት ኮድ የተለያየ ነው። አዳፕተሩ አስተርጓሚ መሆን አለበት፣ ካኖን ደግሞ ኮዱን ለአዳፕተር ሠሪዎች አልሰጠም። ሠሪዎቹ እየገመቱ ነው የሠሩት። የሲግማው ኤምሲ-11 እንኳ የተሠራው ለራሱ ለሲግማ ሌንሶች ነው። ያንተ 24-70 ለቆመ ሰው ይሠራልህ ይሆናል። ለሚጨፍር ሙሽራና ለቪዲዮ ግን አትመንበት። ሰርግ ላይ «ይሠራልህ ይሆናል» ተይዞ አይወጣም።

አሁን ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራውን ላጫውትህ። ከዚያ በፊት ኤፍዲ የሚባል ሌንስ ነበረው። በዚያ ዓመት ኢኤፍን አመጣ። ኤፍዲው 42 ሚሊ ሜትር ነበር፣ አዲሱ 44። አየኸው? አዲሱ ረዘመ። ለአዳፕተር የሚሆን ቦታ ጠፋ። ያኔ ጥሩ የኤፍዲ ሌንስ የገዛ ባለሙያ ሁሉ አዲሱን ቦዲ ሲገዛ አሮጌው ሌንስ ሳጥን ውስጥ ቀረበት። ሰዉ በጣም ነው የተቆጣው። እ.ኤ.አ. በ2018 አርኤፍ ሲመጣ ግን አዲሱ አጠረ፣ አሮጌው ሌንስ ተረፈ። ከ1987ቱ ሰው ይልቅ አንተ ዕድለኛ ነህ። ታዲያ ይህን ዕድል ለምን ትሸጠዋለህ?

አንተ የምትለው ችግር ሦስት ነው፦ ድምፅ፣ የቪዲዮ ፎከስ፣ የሰው ወሬ። ሁለቱን ሚረርለስ የሆነ ካሜራ ሁሉ ይፈታቸዋል፤ ሶኒ መሆን የለበትም። እኔ ጋ ልጆቼ የሚሠሩበት ካኖን አር6 የሚባል ባለ አርኤፍ ሚረርለስ አለ፣ ያገለገለ ነው የገዛነው። ድምፅ የለውም። ዓይን ይይዛል። ባትሪው ያንተው ቅርጽ ነው፣ ያለህን ሁሉ ይበላል። ፍላሽህ እንዳለ ይሠራል። ሁለት ኤስዲ ሚሞሪ ይወስዳል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ላይ ይገኛል። ደግሞ ቦዲው ራሱ ማረጋጊያ አለው። ያ 24-70ህ ማረጋጊያ የለውም አይደል? ጧፍ ብርሃን ላይ ሲገጠም ልዩነቱን ታየዋለህ፤ ካህን ቆሞ ሲጸልይ በ1/30 እንኳ ስል ይወጣልሃል። ሌንስ ስትፈታ ደግሞ ካሜራው ከጠፋ ሻተሩ ስለሚዘጋ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ቶሎ አያርፍም፤ የባሕር ዳሯ ልጄ ያነሳችውን ችግር ያቀላል።

20 ሜጋ ፒክስል ነው፣ ካንተ 5ዲ በትንሹ ያንሳል። ለአልበም ምንም አያጎድልብህም። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ገጽ አሳትመን አይተነዋል።

ጉድለቱ ባትሪ ነው። 5ዲው በአንድ ባትሪ 950 ፎቶ ያነሳል ተብሎ ነው የተጻፈለት፤ በመስታወት ስለምታይ ማየቱ ብቻውን ምንም አይበላም። ሚረርለስ ግን ዓይንህን ባሳረፍክ ቁጥር ይበላል። አር6ም ከ5ዲው በብዙ ያንሳል። አንተ ግን ባትሪ አለህ ብለሃል።

ቪዲዮ ብቻ

ጋሼ እርስዎን አከብራለሁ፤ ግን አንዳንዱ ላይ አልስማማም።

ማርቆስ ነው የምሠራው። ምናልባት ፎቶ ቤቱ ጓደኛዬ የሚያወራው ስለ እኔ ይሆናል፣ ሃሃ። ኤ7 ማርክ 3 ይዣለሁ።

አንደኛ፣ አር6 በ4ኬ ረጅም ሲቀረጽበት ይሞቃል፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋል። በጥር ቀትር፣ ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን፣ ሙሽራው ሲገባ ቢጠፋ ማነው የሚጠየቀው? የኔ ሶኒ አንድ ቅጂ ላይ 29 ደቂቃ ይገድበኛል እንጂ ሞቀኝ ብሎ አቋርጦብኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ነገን እንይ። ካኖን ለአርኤፍ ሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ለትልቁ ሴንሰር፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ባለ አውቶፎከስ ሌንስ እንዲሠሩለት አልፈቀደም። ለሲግማና ለታምሮን እ.ኤ.አ. በ2024 የፈቀደው ለትንሹ ሴንሰር ሌንስ ነው። ሶኒ ግን ኮዱን ቀደም ብሎ ከፍቷል። ለዚህ ነው ታምሮን 28-75 እኛ እጅ የገባው። ዛሬ አሮጌ ሌንስ አለው እንበል፤ እሱ ሲሞት የካኖንን አርኤፍ ሌንስ በምን ብር ሊገዛ ነው?

ሦስተኛው ማንም ያላነሳው ነው። እዚህ ከተማ ካሜራ የሚያከራይ ቤት አላውቅም። ሰርግ ሊደርስ አንድ ነገር ሲበላሽ የምንበደረው እርስ በርሳችን ነው። ድሮ ሁሉም ካኖን ስለነበረው ሁሉም ከሁሉም ይበደር ነበር። አሁን የኛ ዕድሜ ልጆች ሶኒ ነው የያዙት። ከአምስት ዓመት በኋላ የካኖን ባትሪ ከማን ይበደራል?

የፍኖተ ሰላሙ

የመበደሩ ነገር ልክ ብለሃል፣ እሰይ የኔ ልጅ። እኔም ላነሳው ነበር። ግን እሱን እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ዛሬ ማታ የሱ 70-200 ቢወድቅ ከፍኖተ ሰላም እስከ ደጀን ሌላ 70-200 የሚያበድሩት ሰዎች አሉ። አንተ ጋ ለሶኒ የሚሆን 70-200 አለ? የለህም፤ ልጆቹም የላቸውም፤ ሁላችሁም 28-75 ነው ያላችሁ። አምስት ዓመት ሲደርስ ደግሞ እንነጋገራለን።

ሙቀቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ልጆቼ ረጅሙን ቅጂ በ1080 ነው የሚቀርጹት። 4ኬ የሚያወጡት ለአጭር አጭሩ ነው። ሰዉ በስልኩ ነው የሚያየው፤ ልዩነቱን የጠየቀን የለም።

ሰባት ቤት

ሰላም አያ። እኔ እንጅባራ ነኝ። ሰርግ ብዙም አልሠራም፤ ፈረስ ነው የማነሳው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የመጣ ሰው ያውቀዋል፤ ፈረሱ በዚያ ሜዳ ሲለቀቅ አቧራው ፀሐዩን ይሸፍነዋል።

የ5ዲህን ስም አታጥፋ ልልህ ነው የመጣሁት። 61 የፎከስ ነጥብ አለው፤ 41ዱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚይዙ ናቸው። ወደ እኔ በሚጋልብ ፈረስ ላይ ለብዙ ጊዜ ሠርቼበታለሁ፤ በሰከንድ 6 ፎቶ ሸጋ ነው። ለመስክ ያ ካሜራ አይተካም። አሁን አር6 ጨምሬአለሁ፣ 5ዲውን ግን አልሸጥኩም። አሮጌ ነው ብለው የሚሰጡህ ብር ራሱ ያናድዳል።

አር6 በሜካኒካል ሻተር በሰከንድ 12፣ በሳይለንት 20 ያነሳል። ያ 20 ያጓጓል። ፈረስ ላይ ግን አልጠቀመውም። ሴንሰሩ እየጠረገ ስለሚያነብ የሚጋልበው ፈረስ እግር ይንጋደዳል፣ ፈረሰኛው የያዘው ዘንግም ቀጥ ብሎ ሳለ ጎብጦ ይወጣል። ሰርግ ላይም ይሄው ነው። እስክስታ የሚመታን ትከሻ በሳይለንት አታንሳ። ሳይለንት የቤተ ክርስቲያን ነው፣ በቃ።

አንድ ሌላ ነገር። 5ዲው ከኤስዲ ሌላ የሚወስደው ሲኤፍ የሚባለው ሚሞሪ እየጠፋ ነው። 5ዲህን ለማቆየት ካሰብክ ከተገኘ አሁን ያዝ። ካልሆነም በኤስዲው ብቻ ሥራ፤ ግን የ5ዲው ኤስዲ ቦታ ቀርፋፋ ነው፣ ተከታታይ ስትተኩስ ያስጠብቅሃል።

ክረምት ላይ ሌንሶችህን የት ነው የምታስቀምጠው? እንዲያው ልጠይቅ። እኛ ጋ ዝናቡ ኃይለኛ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ዘግተህ ከተውካቸው ሻጋታ ያበቅላሉ። ሌንሶቹን ከማሰብህ በፊት በባትሪ መብራት ውስጣቸውን እይ። ሻጋታ ከገባባቸው ይሄ ሁሉ ክርክር ዋጋ የለውም፤ ያኔ ሽጥና ዙር።

ጣና ዳር

የሰባት ቤትን የመጨረሻዋን ነገር ደግሜ አሰምርበታለሁ። ሌንሶችህ ንጹሕ ከሆኑ እኔም ጋሼ ካሉት ጋር ነኝ፤ ምንም እንኳ ሶኒዬን ብወድም።

የማርቆሱ ፎቶ ቤት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌንሶቹን ዛሬ ማታ በስልክ መብራት አየኋቸው። 24-70ውና 70-200ው ንጹሕ ናቸው። 50ው ጠርዙ ላይ ትንሽ ነገር አለው፣ እሱ ርካሽ ነው አያሳዝንም። ክረምቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አልተውኳቸውም፣ አምፖል የሚበራበት የመስታወት መደርደሪያ አለኝ።

እንግዲህ የማስበው ይሄን ነው። አልሸጥም። 70ዲውን ብቻ ልሸጥ እችላለሁ። የዕቁቡን ብር ከዚያ ጋር ደምሬ ያገለገለ አር6 ከነአዳፕተሩ እፈልጋለሁ። 5ዲው መጠባበቂያ ይሆናል፤ ጓሮና መስክ ላይ ዋና ይሆናል። ካኖን አር የሚባለውንም አይቼ ነበር፣ ዋጋው ይቀላል፤ ግን የሚወስደው ሚሞሪ አንድ ብቻ ነው፣ ቦዲው ላይም ማረጋጊያ የለውም። ለሰርግ አንድ ሚሞሪ አልደፍርም።

ቪዲዮ ብቻ፣ አንተ ስለ ነገ ያልከው አልወጣልኝም። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ግን ነገ የሚመጣው ጥር ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ጥር ላይ እኔ ፎቶውን ብቻ ልያዝ፣ ቪዲዮውን አንተ ትወስዳለህ፣ ለደንበኛው አንድ ዋጋ እንስጥ። «ሶኒ ነው ወይ?» ሲሉኝም አዎ እላቸዋለሁ። በውስጥ መስመር እናውራ።

ጋሼ፣ እርስዎን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት አንድ የመጨረሻ ሰርግ አለኝ፣ ተክሊል ነው። ያንን አር6 ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ በእጄ ሞክሬው ልወስን ነበር። ከተስማማኝና ከገዛሁት ደግሞ ጾሙ እስኪፈታ ሰርግ ስለሌለ ጥር እስኪደርስ እጄን አፍታታበታለሁ። የሚያስፈልገውን መያዣ እተዋለሁ።

የፍኖተ ሰላሙ

የምን መያዣ ነው እሱ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ቤቱ ይጨናነቃል፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ና። 24-70ህን ይዘህ ና፣ አዳፕተሩ እኔ ጋ አለ። ኤስዲ ሚሞሪ አትርሳ፤ ሲኤፉ አይገባበትም። ባትሪዎችህንም ሁሉንም አምጣቸው፤ አንዳንዱ ርካሽ ቅጂ አር6 ላይ «አላውቀውም» የሚል ጽሑፍ ያመጣበታል፣ የትኛው እንደሚሠራልህ እዚሁ ለይተን እናውቀዋለን።